የሀይደር ጉልቻ

ጣሊያን አገራችንን የያዘው አምስት ዓመት ብቻ ነው ብለው ያስተማሩን መምህራን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሳይሳሳቱ አልቀሩም። የገርጂን ሰው ወሬ ላመነ፣ ጣሊያን ቢያንስ መቶ ዓመት ተቀምጦ፣ በዓልና ሰንበት ሳይል፣ ድንጋይ ሲጠርብ ኖሯል። ጎርፍ ያልወሰደው ድልድይ ካለ ጣሊያን የሠራው ነው። በሩ ሳይንቋረር የሚከፈት አሮጌ ቤት ካለ ጣሊያን የሠራው ነው። አንድ ጊዜ ኢምፔሪያል ሆቴል አጠገብ የቦይ ክዳን ከባድ መኪና ወጥቶበት ሳይሰበር ቢቀር፣ አላፊ አግዳሚው ቆሞ «የጣሊያን ሥራ እኮ ነው!» ሲባባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ክዳኑ ላይ የተጻፈው ዓመተ ምሕረት የአምናው ነበር።

ጠንክሮ የቆመው ሁሉ የጣሊያን፣ የፈረሰው ሁሉ የኛ። ክፍፍሉ እንዲህ ነው።

ይህን ያነሣሁት ስለ ጎረቤቴ ስለ ሀይደር ልነግራችሁ ብዬ ነው። ሀይደር ግንበኛ ነው። ከስልጤ አገር በአሥራ አራት ዓመቱ መጥቶ፣ አብረውት የመጡት ዘመዶቹ ሁሉ ሾላ ገበያ ገብተው በርበሬና ሳሙና መነገድ ሲጀምሩ፣ እሱ ድንጋይ ላይ ቀረ። ለምን እንደ ሆነ ሲጠየቅ፣ «ድንጋይ ዋጋ ቀንስልኝ አይልም፤ ነገ እመጣለሁ ብሎም አይጠፋም» ይላል። ዛሬ ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ቀጭን፣ አጭር፣ ጣቶቹ እንደ ዝንጅብል የተቋጠሩ ሰው ነው። ግራኝም ነው። መዶሻውን በግራ እጁ ስለሚይዝ፣ የመጀመሪያ አለቃው ሁለት ዓመት ሙሉ በቱምቢ ገመድ እጁን እየገረፈ ሊያስተወው ሞክሮ ነበር አሉ። አለቃው ሞተ፤ ግራ እጁ አለ።

የሀይደርን ግንብ ከሌላ ሰው ግንብ የሚለየው አንድ ነገር ነው። ሁለት ትላልቅ ድንጋዮች አፍ ለአፍ ሳይገጥሙ ቀርተው በመካከላቸው ክፍተት ሲተርፍ፣ ሌላው ግንበኛ ሲሚንቶ ይለጥፍበትና ይሄዳል። ሀይደር ግን ሦስት ትናንሽ ድንጋዮች መርጦ እንደ ጉልቻ ይሰካበታል። ጉልቻው ደግሞ የተገለበጠ ነው፤ አንዱ ከታች፣ ሁለቱ ከላይ። ግራኝ ስለ ሆነም ሦስቱም ወደ ቀኝ ዘመም ይላሉ፤ ጆሯቸውን ጣል አድርገው ወሬ የሚሰሙ ይመስላሉ። እናቱ «ሦስት ጉልቻ ያልቆመበት ቤት ቤት አይደለም» ትል ስለ ነበር ነው እንዲህ የሚያደርገው። የአጥር ግንብ ይሁን የሽንት ቤት ጉድጓድ፣ አንድ ቦታ ላይ ሳይሰካ ሥራውን አይጨርስም።

የኔን ቤትና የእሱን ቤት የሚለየው የኮሽም አጥር ሲሆን፣ በወዲያኛው በኩል የእሱን ግቢ ከዑቕባይ ግቢ የሚለየው ግን ራሱ የገነባው የድንጋይ አጥር ነው። ዑቕባይ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ከመቀሌ እስከ አሰብ፣ ከአሰብ እስከ አዲስ አበባ ሲመላለስ ዕድሜውን ጨርሶ እዚህ ተቀመጠ። አጥሩ የተሠራው የዑቕባይ ልጅ ዳናይት ገና በአንቀልባ ሳለች ነው፤ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ሥራው ያለቀ ዕለት ዑቕባይ ወገቡን ይዞ ግንቡን ከላይ እስከ ታች ተመለከተና፣

«አንታ ሀይደር፣ ይህ ምንድን ነው? ግድግዳዬ ላይ ድስት ልትጥድብኝ ነው?» አለ።

«ጉልቻ ነው። ያምርበታል።»

«የተገለበጠ ነው እኮ! ጠማማ ነው!»

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ብሎ መለሰለትና መሣሪያውን ሰብስቦ በራሱ በር በኩል ገባ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዑቕባይ ጠዋት ጠዋት መፋቂያውን ነክሶ፣ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ይቆማል። ጥርሱን እየፋቀ ግንቡን ይሰድባል። ሀይደር በወዲያኛው በኩል ሆኖ ይሰማል። ሰላምታቸው ይኸው ነው።

በሰላምታው ውስጥ ሁልጊዜ የምትገባ አንዲት ጥያቄ ነበረች።

«ዋሻህስ ደህና አደረ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሀይደር በወጣትነቱ፣ በሶማሌ ጦርነት ጊዜ፣ የቀበሌያችን ነዋሪ ከቦምብ የሚሸሸግበት የምድር ውስጥ ዋሻ እንደ ሠራ ይናገራል። ከየቤቱ አንድ ሰው እየወጣ በየእሑዱ ቆፈረ፤ ግንቡን ግን እሱ ብቻውን ደረደረ ይላል። የት ነው ቢሉት፣ ከሲኤምሲ ወዲያ፣ ያኔ የስንዴ ማሳ ከነበረው ቦታ አልፎ፣ ከአንድ ኮረብታ ሥር። ማንም አላመነውም። አብረውት የቆፈሩት ከፊሉ ሞተዋል፣ ከፊሉ ተበትነዋል፤ ማሳውም መንደር ሆኖ መንገዱ ጠፋበት። እኔም ብሆን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሽማግሌ የሚያወራው ነገር ከሚያልቅበት ትንሽ ዋሻ ቢኖረው ምን አለበት ብዬ ዝም እል ነበር።

ዘንድሮ ግን ነገሩ መረረው። ሀይደር በሕይወቱ የገነባቸው ግንቦች ሁሉ አንድ በአንድ ለፎቅ ፈርሰዋል። ቦሌ የሠራው የቪላ አጥር ዛሬ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል፤ ሲኤምሲ የሠራው የግቢ ግንብ በአንድ ቀን ተነሣ። የቀረው የዑቕባይ አጥር ብቻ ነው። እሱንም ዳናይት፣ አባቷን ለመጦር ከነባሏ ወደ ግቢው ከገባች ወዲህ፣ ልታፈርሰው ቆርጣለች። ከዱባይ የመጣ የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ ገዝታ፣ ካርቶኑን በረንዳ ላይ ደርድራ፣ ሠራተኞቹን ለሰኞ ቀጥራለች። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል፤ እሷ ግን አባቷን አልናቀችም፤ የናቀችው ድንጋዩን ነው። ዑቕባይም፣ ያ ሠላሳ ዓመት ሲሳደብ የኖረ ሰው፣ «እሰይ፣ ከድስቱ ተገላገልኩ» አለ። ሲለው ግን መፋቂያውን ከአፉ አላወጣም፤ ዓይኑም አልሣቀም።

ሀይደር፣ የነገሩት ዕለት፣ «ንብረታችሁ ነው» ብቻ አለ። ማታ እኔ ቤት መጣና ሻዩ ሳይጠጣው እስኪቀዘቅዝ ተቀመጠ።

«ጋሼ» አለኝ፤ በሦስት ዓመት ስለምበልጠው ነው፤ «ሃምሳ አራት ዓመት ሙሉ ድንጋይ አነሣሁ። አንድ ድንጋይ እንኳ 'ይሄ የሀይደር ነው' ሳይባልለት ልሞት ነው?»

ሻዩን ቀየርኩለት።

በዚያው ሳምንት የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ይትባረክ ዓመታዊውን ጉዞ አበሠሩ። ይትባረክ ጠዋት ቁርሳቸውን እንኳ ያለ አጀንዳ የሚበሉ አይመስለኝም። አምና ሐይቅ ሊያሳዩን ወስደውን አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተበላሽቶ፣ ቀኑን ሙሉ የሽንኩርት እርሻ ስናይ ውለን ተመልሰናል። ዘንድሮ ግን ሩቅ አይደለም፣ ታሪካዊም ነው አሉ። ማስታወቂያውን ከስልካቸው አነበቡልን፦ «ከምድር በታች አንድ ቀን! የፋሺስት ጣሊያን ምስጢራዊ የጦር ዋሻ! አስጎብኚና የራስ ቁር ይጨምራል።»

ከማስታወቂያው ጋር የመጣው የዋሻው ፎቶ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። ሀይደር እጅ ሲደርስ ቆመ። ሀይደር ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋው፣ አራቀው፣ እንደገና አስጠጋው።

«ይሄ የኛ ነው» አለ።

«የኛ ማለት?» አሉ ይትባረክ።

«እኔ የሠራሁት ዋሻ ነው።»

ሳቁ የእድሩን ድንኳን ከተቀመጠበት ሊያነሣው ምንም አልቀረው። ሾላ ገበያ የቅመም ሱቅ ያላት እትዬ ወርቄ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ «ኧረ ሀይደር! ለካ ያኔም ጣሊያን ነበርክ!» አለች። ዑቕባይ ብቻ አልሣቀም፤ ምክንያቱም ከሣቀው ሁሉ ይበልጥ ጮኾ፣ «በሉ ተመዝገቡ! ዋሻው ደህና አድሮ እንደ ሆነ ሄደን እናየዋለን!» እያለ ነበር።

እሑድ ጠዋት አውቶቡሱ ከኢምፔሪያል በአንድ ሰዓት ይነሣል ተባለ፤ ሁለት ከሩብ ላይ ተነሣ። የጾም ወጡ ከፊት፣ የሙስሊሞቹ ሥጋ ከኋላ ተጫነ፤ ድስቶቹ እንዳይነካኩ መካከላቸው እኔ ተቀመጥኩ። ሀይደር ሱፍ ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ መጥቷል። ለሠርግ የሚሄድ እንጂ ጉድጓድ የሚገባ አይመስልም።

አስጎብኚያችን ቶሚ የሚባል ወጣት ነው። ባለ ሰፊ ክፈፍ ባርኔጣ፣ ኪሱ የበዛ ሱሪ፣ በአንገቱ ላይ የተንጠለጠለ ድምፅ ማጉያ። ዋሻው አፍ ላይ አሰለፈንና ቢጫ የራስ ቁር አደለን። እትዬ ወርቄ ቁሩ ከሻሿ በላይ አልገባ ብሏት ብዙ ታገለች፤ በመጨረሻ እንደ ሞሰብ ክዳን ከላይ ጣል አደረገችው።

«ኦኬ ፋሚሊ!» አለ ቶሚ፤ «ስልካችሁን ሳይለንት አድርጉ። ይህ ቦታ ሪስፔክት ያስፈልገዋል። አሁን የምንገባው ኮማንዳንቴ ባርቶሊኒ የተባለው መሐንዲስ በ1929 ዓመተ ምሕረት በሦስት መቶ እስረኛ ጉልበት ያስቆፈረው ዋሻ ውስጥ ነው። ሲሚንቶው ራሱ ከሮማ የመጣ ነው።»

«ከአዲስ አበባ ፋብሪካ ነው» አለ ሀይደር በቀስታ።

«ምን አሉ አባባ?»

«ምንም።»

ገባን። ዋሻው ጎንበስ ብሎ ለሚሄድ ሰው ይበቃል፤ እርጥብ ሸክላ ይሸታል፤ ግንቡ ግን፣ ልክ ነው፣ ትናንት የተሠራ ይመስላል። ሰው ሁሉ ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ «ጣሊያን! ጣሊያን እኮ ነው!» ይላል። ከፊቴ የነበረው ሰው እንዲያውም፣ «የኛ ሰው ቢሠራው ኖሮ ይሄኔ ላያችን ላይ ነበር» አለ። ሀይደር ከኋላዬ ነው። ዞሬ አላየሁትም፤ ለማየት አልደፈርኩም።

ሰፋ ያለ ክፍል ደረስን። ዙሪያውን ከግንቡ ጋር የተያያዘ የድንጋይ መቀመጫ አለ። ቶሚ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይህ የምርመራ ክፍል ነው። እስረኞች እዚህ ተደርድረው ይቀመጡ ነበር። ከላይ የምታዩት ቀዳዳ… የመርዝ ጋዝ የሚለቀቅበት ነው። ያ የተተከለ ብረት ደግሞ… እንግዲህ እሱን አልናገርም። ልጆች ስላሉ።»

ልጆች አልነበሩም። ከሁላችንም ትንሿ አርባ አምስት ዓመቷ ነው። እትዬ ወርቄ ግን «ውይ የኔ እናት!» ብላ ማልቀስ ጀመረች። አቶ ይትባረክ ወዲያው የራስ ቁራቸውን አወለቁና፣ «የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት እናድርግ» አሉ። ተነሥተን ቆምን፤ ወይም ጣሪያው እንደ ፈቀደልን ጎበጥን። ሀይደርም ራሱን ደፍቶ ቆመ። በሕይወት ሳለ ለራሱ ሥራ ጸሎተ ፍትሐት የቆመ ሰው እሱን ብቻ ነው ያየሁት።

ደቂቃው ሲያልቅ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ።

«ሽሮ የምንበላበት ክፍል ነው። ቀዳዳው ለአየር ነው። ብረቱ የቀበሌው ሊቀመንበር ካፖርታቸውን የሚሰቅሉበት ነው።»

«ታዲያ ተናገራ!» አልኩት።

«ማን ይሰማኛል?»

ቶሚ ወደ መጨረሻው ግድግዳ ወሰደንና ባትሪውን አበራ። «አሁን፣ ፋሚሊ፣ ትልቁ ምስጢር! ሦስት ነጥብ የሚመስሉትን እነዚህን ድንጋዮች ተመልከቱ። አንድ ከታች፣ ሁለት ከላይ። የጣሊያን ወታደራዊ ኮድ ነው። 'ከዚህ በስተቀኝ ጥይት አለ' ማለት ነው፤ ለዚያ ነው ወደ ቀኝ ያዘነበሉት።»

ሰው ሁሉ ስልኩን አወጣ። ብልጭ ብልጭ አለ። በዚያ ብልጭታ መካከል ዑቕባይን አየሁት። ከአፉ የማይለየው መፋቂያ መሬት ወድቆ ነበር።

«ዋይ አነ!» አለ። «ይሄማ የኔ አጥር ነው!»

«ምን አሉ ጋሼ?» አለ ቶሚ።

«የኔ አጥር ነው እልሃለሁ! የምን ኮድ? ሠላሳ ዓመት ጥርሴን ስፍቅ ያየሁት ጉልቻ ነው! ከእንቅልፌ ነቅቼ ከሚስቴ በፊት የማየው እሱን ነው! ይኸው፣ የተገለበጠ። ይኸው፣ የዘመመ። ይኸው፣ የታችኛው ከላዮቹ ያነሰ። አንታ ሀይደር! የት ነህ? ና ወዲህ!»

ሀይደር በሰዎች መካከል ተሹለክልኮ ቀረበ። የሱፍ ኮቱ ትከሻ ላይ ሸክላ ተለጥፎበታል። ግራ እጁን አንሥቶ መዳፉን ጉልቻው ላይ አሳረፈ። ልክ ገባ።

«በሰባ ዓመተ ምሕረት ነው» አለ፤ «ከጥቅምት እስከ ግንቦት። በየእሑዱ። አውሮፕላን ይመጣል ተብሎ ነበር፤ አልመጣም። በምረቃው ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር መጀመሪያ ገቡ፤ መብራቱ ጠፋባቸውና ጮኹ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልገባበትም። ዝናብ ሲመጣ ፍየሎች ይጠለሉበት ነበር።»

የትኛውም የኅሊና ጸሎት እንደዚያ ጸጥ አላለም።

መጀመሪያ የተናገረችው እትዬ ወርቄ ናት። «ቆይ፣ እንግዲያ እኔ ያለቀስኩት ለቀበሌ ነው?»

«ፍየል?» አለ አንዱ። «ለፍየል በረት ነው ከእንቅልፌ የተነሣሁት?»

«እኔ ፎቶውን ለዘመድ ሁሉ ልኬዋለሁ! የጣሊያን ብዬ ጽፌበታለሁ! አሁን ምን ልበል?»

«ምን ነበረበት ሀይደር፣ ከምሳ በኋላ ብትናገር?»

ቶሚ ሀይደርን ክንዱን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደው፤ ዋሻ ውስጥ ጥግ ስለሌለ ሁላችንም ሰማነው። «ጋሼ፣ በእናትዎ! እኔ ምን ላድርግ? ዘበኛው ነው የነገረኝ።»

«ለዘበኛው ማን ነገረው?»

«እሱማ ሲያየው ያስታውቃላ! እንዲህ ያለ ግንብ… ጋሼ፣ ልክ ነዎት እንበል። ለቀበሌ ጉድጓድ ማን ይመጣል? ይዘጉታል፤ ከዚያ ይደፍኑታል። የጣሊያን ከሆነ ግን ቅርስ ነው፤ ማንም አይነካውም። ለዋሻው ብለው እንኳ…»

ይህን ሲል ልጁ አልዋሸም። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው።

አቶ ይትባረክ እጃቸውን አጨበጨቡ። «ወገኖቼ! በጩኸት የሚፈታ ችግር የለም። እድራችን ሥርዓት አለው። ጉዳዩ ለድምፅ ይቅረብ።»

«ምን ለድምፅ ይቅረብ?» አለ ዑቕባይ።

«ዋሻውን ማን ሠራው የሚለው።»

እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ስለ ሆንኩ የእድሩ ጸሐፊ ነኝ፤ መዝገቡም ከእጄ አይለይም። አንድ ሰው የስልኩን መብራት አበራልኝና ጻፍኩ። ሀይደር እጁን ሊያነሣ ሲል ይትባረክ ከለከሉት። «ጉዳዩ በቀጥታ የሚመለከተው አባል ድምፅ አይሰጥም። ደንብ ነው፣ አንቀጽ ዘጠኝ።» ዑቕባይ ሁለት እጁን አነሣ፤ አንዱ ተቀነሰበት።

ቃለ ጉባኤው ዛሬም ቤቴ አለ፦ «ዋሻውን ጣሊያን ሠራው የሚሉ አሥራ ዘጠኝ፤ አቶ ሀይደር ሠራው የሚሉ ሁለት፤ ድምፀ ተአቅቦ አንድ። ስለዚህ ዋሻውን ጣሊያን የሠራው መሆኑ በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል።»

ሁለተኛዋ እጅ የእትዬ ወርቄ ነበረች፤ ለምን እንደ ሆነ አልገባኝም፤ ምናልባት እንባዋን ማስመለስ ፈልጋ ይሆናል። ድምፀ ተአቅቦው እኔ ነኝ። ጸሐፊ ገለልተኛ መሆን አለበት ብዬ ነው። በልጅነታችን የንባብ መጽሐፍ ላይ እውነትን ስለ ተናገረ የተገረፈ ልጅ ታሪክ ነበረ፤ ለአርባ ዓመት ተማሪዎቼን በቃላቸው ሳስጠናቸው ኖሬ፣ ቀኔ ሲደርስ እርሳሴን ቀረጽኩ።

ሀይደር አልተቆጣም። ወደ ግንቡ ተጠግቶ ከጣሪያ እስከ ወለል በጣቱ ዳሰሰውና፣ «ስንጥቅ የለውም» አለ። ለማንም አልነበረም የተናገረው።

ምሳ ላይ ብቻውን ተቀመጠ። እትዬ ወርቄ ሳህን ይዛለት ሄደች። «ብላ እንግዲህ» አለችው፤ «አንተም ባለሙያ ነህ፤ ማን ካደ? ግን ሰው ተዝናንቶ ሳለ እውነት እንዲህ ድንገት ይወረወራል?» ሌላው ሁሉ በዋሻው አፍ እየተደረደረ ፎቶ ይነሣ ነበር። አቶ ይትባረክ ሀይደርን ራሱን፣ «እስቲ ፎቶው ውስጥ የሌለኸው አንተ ስለሆንክ አንሣን» ብለው ስልካቸውን ሰጡት። አነሣቸው። በግራ እጁ።

ስንመለስ ሁለቱ ጎረቤታሞች ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ጠማማ ነው» አለ ዑቕባይ፣ ሲኤምሲን ስናልፍ። «እዚያም ጠማማ፣ እዚህም ጠማማ።»

«ነገ ትገላገለዋለህ» አለው ሀይደር፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ።

ሰኞ ጠዋት መዶሻ የያዙ ሦስት ሰዎች መጡ። እኔ በኮሽሙ አጥር በኩል አልፌ ሀይደር ግቢ ውስጥ ነበርኩ፤ ብቻውን እንዳያይ ብዬ ነው የሄድኩት። ሀይደር በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ጀርባውን ለግንቡ ሰጥቶ፣ ሻይ ይዟል። ከወዲያ የዳናይት ድምፅ ይሰማል።

«ከዚህ ጥግ ጀምሩ፣ እሺ? አበቦቹን እንዳትነኩብኝ።»

«ማንም ምንም አይነካም!» አለ ዑቕባይ።

«አባዬ! ተነጋግረናል እኮ! ሴራሚኩን ገዝቻለሁ!»

«ሽንት ቤት ለጥፊው። ይህ ግንብ አይፈርስም።»

«ለምን? አንተ ራስህ አይደለህ ስትሰድበው የኖርከው? ጋሽ ሀይደር የሠሩት ተራ…»

«ማን ነው ሀይደር የሠራው ያለሽ?»

ሀይደር ሻዩን መሬት አስቀመጠ።

«ጣሊያን ነው የሠራው!» አለ ዑቕባይ፤ ድምፁ እስከ ኢምፔሪያል የሚሰማ ነበር። «ይህ ግቢ ሳይከለል በፊት ያለ ነው። አላወቅሽም እንጂ፣ እነዚህን ሦስት ድንጋዮች ተመልከቺ! ኮድ ነው! ትናንት የእድሩ ሰው ሁሉ፣ በአስጎብኚ፣ ልክ ይህንኑ በጦር ዋሻ ውስጥ አይተናል! ይትባረክን ጠይቂ! ቃለ ጉባኤ አለው!»

መዶሻ መሬት ሲቀመጥ ተሰማ። ከሠራተኞቹ አንዱ፣ አለቃቸው ይመስለኛል፣ ወደ ግንቡ ቀርቦ በመዳፉ መታ መታ ሲያደርገው የድምፁ ንዝረት እኛ ዘንድ ደረሰ።

«እውነትም!» አለ። «እኔ እኮ ገና ሳየው ጠርጥሬያለሁ። የዘንድሮ ግንበኛ እንዲህ አድርጎ ይሠራል? እትዬ፣ ይህን ማፍረስ ነውር ነው። ቅርስ ነው።»

«ጣሊያን መሆኑን ቀድመህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት አባዬ?» አለች ዳናይት፤ ድምፅዋ ተለውጧል። ስልኳ ሁለት ጊዜ ቀጭ ቀጭ ሲል ሰማን። «በቃ ተዉት። በረንዳውን ለጥፉልኝ። እንዲያውም ማታ ማታ የሚያበራ መብራት ከሥሩ እናደርግለታለን።»

ሰዎቹ ወደ በረንዳው ሄዱ። ጥቂት ቆይቶ ግንቡ በወዲያ በኩል በጣት ኳ ኳ ተደረገ።

«አንታ ሀይደር።»

«አቤት።»

«ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«ምን ላድርግ? ያንተ ነው ብላት ታፈርሰዋለች።»

ሀይደር ተነሥቶ ወደ ግንቡ ዞረና፣ በእሱ በኩል ካለችው ጉልቻ ላይ የደረቀ ሙጃ ነቀለ፤ አቧራውን በእጅጌው ጠረገ።

«ስንት ዓመቱ ነው አልካቸው?» አለ።

«ሰማንያ ምናምን።»

«ለሰማንያ ዓመቱ ደህና ቆሟል።»

«ቆሟል» አለ ዑቕባይ፤ መፋቂያው ወደ አፉ ተመልሶ ነበርና ቃሉ ተኮላተፈ። «ግን ጠማማ ነው።»

«ጣሊያን ምን ያውቃል ብለህ ነው» አለ ሀይደር፣ ሻዩንም አነሣ።